የግብሩ ደረሰኝ በአራሹ ስም ወጣ፤ እናቴ ትስጋ ወይስ አትስጋ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ መነሻውን ካልነገርኳችሁ ግን ስለማይገባችሁ ትንሽ ታገሱኝ።

የምንጃር ልጅ ነኝ፤ በአማራ ክልል፣ ሰሜን ሸዋ። አባታችን ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። አምስት ጥማድ መሬት አለን፤ ሦስቱ የጤፍ፣ ሁለቱ ስንዴና ሽምብራ የሚፈራረቅበት። እናቴ በሬ ጠምዳ አታርስም፣ እኛ ልጆቿ ከተማ ገብተን ቀርተናል፤ ስለዚህ መሬቱን ጎረቤታችን በእኩል፣ ማለትም ምርቱን ከእናቴ ጋር እየተካፈለ፣ ያርሰዋል። ሰውዬው ደግ ሰው ነው፤ እሱን ለመክሰስ እንዳልመጣሁ ከወዲሁ ልብ በሉልኝ። ዘንድሮ ጥር ላይ፣ ውቂያው እንዳለቀ፣ እናቴን ጉንፋን አልጋ ላይ ጥሏት ነበርና የመሬቱን ግብር ቀበሌ ሄዶ የከፈለላት እሱ ነው። ተቀባዩ ስም ሲለው የራሱን ተናገረ። ደረሰኙም በእሱ ስም ተጻፈ።

እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላትም። አባቴ የግብር ደረሰኞቹን፣ ከደርግ ጊዜ የነበሩትን ሳይቀር፣ በፌስታል ጠቅልሎ የልብሱ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ካርቦኑ ደብዝዞ የማይነበብ አለ፣ አይጥ ጥግ ጥጉን የቀመሰችው አለ፣ አንድ ዓመት ግን የጎደለ የለም። እሱ ከሞተ በኋላም እናቴ አላጎደለችም። አሁን በዚያ ፌስታል ውስጥ የሌላ ሰው ስም ሊገባ ነው።

እንግዲህ የምታውቁ ንገሩኝ። ግብሩን መክፈል ያለበት ባለይዞታው ነው ወይስ አራሹ? ደረሰኙ በእሱ ስም መውጣቱ ነገ ጣጣ ያመጣል? ደግሞም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 አርሶ አደር መሬት በነፃ ያገኛል ካለ፣ ክልሉ የመሬት መጠቀሚያ ብሎ የሚያስከፍለን በየትኛው ሕግ ነው?

ማሻሻያ፦ ምላሹ ሠላሳን አልፎ አዲስ የሚገባው ሁሉ ከዜሮ እየጀመረ ስላስቸገረ፣ እስካሁን የተባለውን እዚሁ ላይ በራሴ አነጋገር ላስቀምጥ። የተሳሳትኩባችሁ ካለ ከታች አርሙኝ።

ቁጥር 1 እናቴን እግዜር ይማርሽ ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ መንግሥት ብሩን እንጂ የከፋዩን ስም አይፈልግም፣ አርፋችሁ ተኙ አለን። ቁጥር 2 ተስማማ፤ እሱም የአጎቱን ግብር ሁልጊዜ እየከፈለ ምንም እንዳልገጠመው ነገረን። ቁጥር 3 በአንድ መስመር መሬቱን ሽጣችሁ እናታችሁን አዲስ አበባ አምጡ ብሎ ሄደ። ለዚህ መልስ መስጠት አልፈለግኩም፤ ቁጥር 4 ግን አልተወውም። መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑ እዚያው አንቀጽ 40 ላይ፣ ንዑስ አንቀጽ 3 ውስጥ እንደተጻፈ፣ ምክር ከመስጠት በፊት ማንበብ እንደሚቀድም ጠቆም አደረገው።

ቁጥር 5 ጠበቃ ነው፤ ክሩን ክር ያደረገው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ያስረዳው በአጭሩ ይህ ነው። በነፃ የሚለው ንዑስ አንቀጽ 4 መሬቱን ስለማግኘት ነው የሚናገረው፤ ለመሬቱ ዋጋ አይከፈልም። ይዞ ስለመጠቀም ደግሞ ያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 ላይ ለክልሎች ሁለት የተለያየ ሥልጣን ሰጥቷል፤ አንደኛው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን መወሰንና መሰብሰብ፣ ሁለተኛው በግል አርሶ አደሮችና በማኅበር በተደራጁት ገቢ ላይ ግብር መጣል። ስለዚህ ጉዳዩ የፌዴራል ሳይሆን የየክልሉ ምክር ቤት አዋጅ ነው። ሁለቱ ስሞች መንታ ሆነው የተወለዱት ደርግ በ1968 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ነው፤ ክልሎች በየፊናቸው ሕግ ሲያወጡ ወረሷቸው እንጂ አልፈጠሯቸውም። በቀበሌ ደረጃ ግን በአንድ ደረሰኝ ስለሚቆረጡ ገበሬው ሁለቱንም ግብር ብሎ ይጠራቸዋል።

እኔ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሁለት መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ጠበቃው እንደሚለው በመርህ ደረጃ መጠቀሚያው የባለይዞታው፣ የገቢ ግብሩ ደግሞ ገቢውን ያገኘው ሰው ዕዳ ነው፤ በእኩል ከታረሰ ሁለቱም ገቢ አላቸው። ሰብሳቢው ግን አውድማ ላይ ቆሞ ማን ስንት ቁና ወሰደ ብሎ አይቆጥርም። የሚያየው መዝገቡ ላይ ያለውን የመሬት ስፋት ነው፤ ገቢ የተባለውም በሄክታር ነው የሚሰፈረው።

እዚህ ላይ ቁጥር 6 ዘሎ ገባ። በሄክታር ከተሰፈረ ምኑ ነው ገቢ? በረዶ የመታው ጤፍና ሞልቶ የተወቃ ጤፍ እኩል ከከፈሉ ስሙ ለምን የገቢ ግብር ተባለ? ጥያቄው ልክ ነው፤ እኔ ከጠየቅኩትም ሳይሻል አይቀርም። ቁጥር 7 የወሎ ሰው ነው፤ ዝናብ በቀረበት አንድ ዓመት አባቱ ግብር እንዳልተጠየቁ፣ ይህ ግን በወረዳው በጎ ፈቃድ የሆነ እንጂ አባቱ መብቴ ነው ብለው ያገኙት እንዳልነበረ ተናገረ።

እስከዚህ ሁሉም በጨዋ ደንብ ነበር። ቁጥር 8 የሒሳብ ባለሙያ ነኝ ብሎ ገባና ከተማውን ከገጠር አፋጠጠው። ደመወዝተኛ ገና እጁ ሳይገባ በመቶኛ እየተቆረጠበት፣ ገበሬ ለዓመት ግብሩ ከአንድ ዶሮ ዋጋ ያነሰ ከፍሎ ያለቅሳል አለ። እርሻ ከአገሪቱ ኢኮኖሚ ሲሶ ገደማውን ይዞ ወደ መንግሥት ካዝና የሚያስገባው ግን እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ክልሎችም አዋጃቸውን እንደገና ማየት አለባቸው ባይ ነው። ስለ ዶሮው ዋሽቷል አልልም፤ የእናቴም ግብር ከዶሮ ያንሳል። አነጋገሩ ግን ሰው አስቆጣ። ቁጥር 9 ማዳበሪያ ለመውሰድ ማኅበሩ በር ላይ ተሰልፎ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው፤ ጤፍ በአዲስ አበባ ወፍጮ ቤት ስንት እንደሚሸጥና ገበሬው እጅ ስንት እንደሚደርስ አስልቶ ይምጣ፣ ሒሳብ ካወቀ አለው።

ቁጥር 10 ነገሩን ወደ መሬት አወረደው። ግብሩ ትንሽ ነው፤ ግብሩን ልትከፍል ስትሄድ ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቅህ ግን ብቻውን አይደለም። የቀይ መስቀል አለ፣ የስፖርት አለ፣ የልማት መዋጮ አለ፣ በግድቡ ጊዜ ቦንድ ነበር። እነዚህን ካልከፈልክ የግብሩ ደረሰኝ አይቆረጥልህም፤ ደረሰኙን ደግሞ ትፈልገዋለህ። ቁጥር 11 እኅታችን በአንድ ቀበሌ ጸሐፊ ሆና ሠርታለች፤ አዋጁ እንዲህ አድርጉ እንደማይል፣ መዋጮ በሕግ የፈቃድ እንደሆነ፣ በተግባር ግን ሁሉም በአንድ ቀን የሚሰበሰበው ገበሬውን ዳግመኛ ማግኘት ስለሚከብድ እንደሆነ ሳትደብቅ ነገረችን። አከብራታለሁ፤ እንዲህ ብሎ የሚናገር የቢሮ ሰው ብዙ የለም።

እኔም ያን ማታ እናቴ ፌስታሉን ፈትታ እንድታሳየኝ በእኅቴ ልጅ ስልክ ደወልኩላት። አልጋው ላይ አንድ በአንድ ዘረጋችው። ቁጥር 10 እንዳለው ነው፤ ለአንድ የግብር ደረሰኝ ሁለት ሦስት ትንንሽ ወረቀት አብሮ በስፒል ተያይዟል። አባቴ በእርሳስ ጀርባቸው ላይ ድምራቸውን ጽፏል። ከግብሩ ይልቅ ጭራው ይበልጣል።

ከ12 እስከ 15 ያለው ስለ ቃል ነው፤ የማይፈልግ ይዝለለው። እኔ በእኩል ስል አንዱ የጎንደር ልጅ እኛ ጋ መጋዞ ነው የሚባለው አለ፤ የወሎውም ደገፈው። ሌላው ድሮ አራሽ ምርቱን የሚያካፍልበት ሲሶና እርቦ እንደነበረ አነሳ። እርቦ አራሹ ለባለመሬቱ የሚሰጠው አራተኛውን ነው ወይስ ራሱ የሚቀረው አራተኛው ነው በሚለው ላይ ሁለት ሰዎች ክፉኛ ተነካከሱ። ቁጥር 15 በሬው የማን፣ ዘሩ የማን እንደሆነ ሳይነገር ስለ ድርሻ መከራከር ከንቱ ነው ብሎ ዘጋው።

ቁጥር 16 ከጎጃም፣ ከሞጣ ናቸው፤ በዕድሜም ከሁላችን ይበልጣሉ መሰለኝ፤ አንቱ ያልኳቸው ለዚህ ነው። በ1960 ዓ.ም. የንጉሡ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲያወጣ ልጅ ነበሩ። አዋጁ አሥራትን፣ የምርት አሥረኛ የነበረውን ግብር፣ አስቀርቶ በገቢ ልክ ይከፈል የሚል፣ ወረቀት ላይ ሲያዩት የሚያምር ሕግ እንደነበረ አልሸሸጉም። ጎጃም ያመፀው ግን ብሩ በዝቶበት አልነበረም ይላሉ። ገማች መጥቶ የእያንዳንዱን ሰው ማሳ አይቶ በየሰዉ ስም ሲጽፍ፣ ርስቱ በአቅኚ አባት ስም የተያዘና ዘር ሁሉ የሚካፈለው ስለነበር፣ ዛሬ በስሜ የተጻፈ ነገ ሊሸጥብኝ፣ ሊወሰድብኝ ነው የሚል ፍርሃት ገባ። አያታቸው ገማቾቹ የመጡ ዕለት ከብቱን ወደ ቆላ ነዱ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ላከ፤ በመጨረሻ ግን ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አንሥቶ የተከማቸውን የግብር ውዝፍ ማረ። እሳቸው ይህን የነገሩን ለእኔ ብለው ነው፤ እናትህ አልጃጀችም፣ በዚህ አገር ግብርና ስም አብረው ሲጻፉ መፍራት የቆየ ነው ለማለት።

ይህን ሳነብ ትንሽ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የጎጃሙ ገበሬ ስሙ እንዳይጻፍ ከብቱን ነዳ፤ እናቴ ስሟ ስላልተጻፈ እንቅልፍ አጣች። ፍርሃቱ አንድ ነው፤ መሬቱ ከእጅ ይወጣል የሚል።

ቁጥር 17 አክብሮ አረማቸው፤ ሙሉ ለሙሉ አላፈረሰም። በ1937 ዓ.ም. አዋጅ ሸዋን ጨምሮ በብዙው አገር መሬት ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ በጋሻ፣ በድሮው የመሬት ልኬት፣ 50፣ 40ና 15 ብር ሲጣልበት፣ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ግን በቀድሞ ግብራቸው እንዲቀጥሉ መደረጉን አስታወሰ። ስለዚህ የምንጃር ሰው በጋሻ መለካትን ጎጃሜው ከማየቱ በፊት ለምዶታል፤ የእኔ እናት ፍርሃት ከጎጃሙ ጋር በቀጥታ አይገናኝም ባይ ነው። ቁጥር 18 ለሁለቱም አልተመለሰም። የባለርስት ጀብዱ ስታወሩ ውላችሁ ታድራላችሁ፤ በደቡብ አሥራቱን ባለመሬቱ ወደ ጢሰኛው እያዞረ ያስከፍለው እንደነበር ለምን አይነሳም፣ የዚያ ሰው ስም በየትኛው ደረሰኝ ላይ አለ ብሎ ጠየቀ። አነጋገሩ መራራ ነበር። መልስ የሰጠው የለም፤ እኔም አልነበረኝም።

ቁጥር 19 ሚኒሶታ የሚኖር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በመከር ወቅት አኩሪ አተርና በቆሎ ወደ እህል ማከማቻ ያመላልሳል። እዚያም ገበሬው ሲሸጥ በዋጋው ላይ የምትቆረጥ መዋጮ አለች አለን። የአኩሪ አተሩ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣ የፌዴራል ሕግ የሽያጩ ግማሽ በመቶ ሲሆን፣ ገዢው ራሱ ቀንሶ ያስተላልፈዋል፤ ከዚያም ገሚሱ ለዚያው ግዛት የአኩሪ አተር ቦርድ ይቀራል። አንዳንዱን ሰብል ደግሞ ግዛቶቹ በራሳቸው ሕግ ነው የሚያስከፍሉት፤ ጎረቤታቸው ሰሜን ዳኮታ ለስንዴ እንዲህ ያለ ሕግ አላት፤ መዋጮውን ያልፈለገ ገበሬ አመልክቶ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ገንዘቡ ለምርምርና ገበያ ለመፈለግ ይውላል እንጂ ለመንገድና ለደመወዝ አይደለም። ቁም ነገሩ፣ ሲሸጥ ስለሚቆረጥ ምርት የሌለው አይከፍልም። የቁጥር 6 ጥያቄ መልስ እዚያ አለ ለማለት ነው።

ቁጥር 20 አሜሪካ የሄደ ሁሉ መምህር ይሆናል ብሎ ቀለደበት። ቁጥር 21 ግን ሐሳቡን በቁም ነገር ይዞ መረመረው። የእኛ ገበሬ ጤፉን የሚሸጠው ሐሙስ ገበያ ላይ፣ በጣሳና በቁና፣ ለሴት ነጋዴም ለደላላም ነው፤ ማን ነው የሚቆርጠው? ምርቱ ገሚሱ ደግሞ ሳይሸጥ ይበላል። ክልሎቹ ስፋትን የያዙት ሞኝ ሆነው ሳይሆን፣ ሊደበቅ የማይችል ነገር መሬቱ ብቻ ስለሆነ ነው አለ። ከዚህ የተሻለ መከላከያ ለአዋጁ አልሰማሁም። ቁጥር 6 ተመልሶ ይህ ለሰብሳቢው የሚመች እንጂ ለገበሬው ፍትሕ አይደለም አለ፤ ሁለቱ እስከ ቁጥር 23 ተመላለሱ፤ አልተሸናነፉም።

መሀል ላይ ቁጥር 22 የሚያስደነግጥ ነገር ይዞ መጣ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1168 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ለ15 ዓመት በተከታታይ ግብሩን የከፈለ ሰው ባለቤት ይሆናል፤ ስለዚህ እናትህ ልክ ናት፣ ዘንድሮ አንድ አለ ማለት ነው አለኝ። እጄ ቀዘቀዘ። ጠበቃው፣ ቁጥር 5ን የጻፈው፣ ቁጥር 24 ላይ ተመልሶ አረጋጋኝ። አንቀጹ እውነት አለ፤ ግን የሚሠራው በግል ባለቤትነት ሊያዝ በሚችል ንብረት ላይ ነው፤ የገጠር መሬት ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወዲህ የግል አይደለም፤ የሌለ ባለቤትነት በግብር አይገኝም። የአማራ ክልልም በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 252 ያሻሻለው የመሬት ሕግ አለው፤ ይዞታ የሚረጋገጠው በመሬት ይዞታ ደብተርና በመዝገብ ነው። ያ አሮጌ አንቀጽ ግን የሽማግሌዎቹን ልብ አሁንም ይዞታል፤ አባትህ ደረሰኝ የሰበሰበው ዝም ብሎ አልነበረም አለኝ።

ቁጥር 25 ጎረቤታችንን ሌባ አለው። አክስቱ ላይ የደረሰውን ተረከ፤ በእኩል ያረሰላት ሰው የሰባት ዓመት ደረሰኝና ሦስት ምስክር ይዞ ኮሚቴ ፊት ቆመ፤ ደብተሯ በወንድሟ ስም ስለነበር መሬቷን ለማስመለስ ሦስት ዓመት ፈጀባት። ታሪኩ ያሳዝናል። ግን የማያውቀውን ሰው ሌባ ማለቱ አናደደኝ፤ ጎረቤታችን አባቴን ቀብሯል፣ የእናቴን ጣሪያ በነፃ ከድኗል። ቁጥር 26 የእኔ ነበር፤ ጽፌ አጠፋሁት። ያያችሁት ካላችሁ ይቅርታ። ቁጥር 27 ሁለታችንንም ገሠጸን፤ ደግ ሰውም ይሞታል፣ ደረሰኙን የሚወርሱት ልጆቹ ደግ ስለመሆናቸው ማን ዋስ ይሆናል አለ። ይህ ከስድቡ ይልቅ ገባኝ።

ቁጥር 28 በአንድ ወረዳ መሬት አስተዳደር የሚሠራ ልጅ ነው። ወሬ አላበዛም። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ባሕር መዝገቡ ላይ ያለውን ስም አይታችሁ ደረሰኙ በባለይዞታው ስም እንዲታረም ቀበሌው ይጻፍ፣ የእኩሉን ውል በጽሑፍ አድርጉ፣ ከሁሉ በፊት ግን አባታችሁ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሙሉ ውርሱን ሳታስመዘግቡ ምን ትጠብቁ ነበር አለኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ቁጥር 29 ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ካለ እናትህ ራሷ ባለይዞታ ናት፣ ምን ያስፈራታል ብሎ ጠየቀ። አለ፤ ሁለቱም ፎቶ ተነሥተው ተለጥፏል፤ እናቴ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳ፣ አባቴ ኮት ተውሶ።

ከቁጥር 30 ጀምሮ ስለ ማዳበሪያ ነው፤ ሌላ ክር ክፈቱለት።

የምጽፈው የመጨረሻ ነገር ዛሬ የሆነውን ነው። የቁጥር 28ን ምክር ልነግራት ጠዋት ደወልኩ። እናቴ ቀድማኛለች። ትናንት፣ ሐሙስ፣ ለገበያ የወጣች መስላ ቀበሌ ሄዳለች። ጎረቤታችን የከፈለው በራሱ ስም ስለተመዘገበ የእኛ መሬት መዝገቡ ላይ ያልተከፈለበት ሆኖ ተገኘ። ይታረም ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ከመቀነቷ ፈትታ እንደገና ከፈለች፤ ግብሩንም፣ ከነጭራው። ተቀባዩ ስም ማን ልበል ሲላት የአባቴን ስም ሰጠችው።

የእኅቴ ልጅ የደረሰኙን ፎቶ ልኮልኛል። ከስድስት ዓመት በፊት የሞተው ሰው ስም በአዲስ እስክሪብቶ ተጽፏል፣ ማኅተሙ ስሙ ላይ ትንሽ ተንሸራቷል። እናቴ ዛሬ ሌሊት ተኝታ አድራለች አለኝ።

ጠበቃው ወንድማችን ይህን ካየህ፣ ሰኞ የት ልጀምር?